ርስቷን ይዛ የወጣች ሴት

እንደምን አመሻችሁ? ዛሬ ማታ ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ መሳፍንት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። እኔ ግን የምጀምረው በአንዲት ሴት ነው፤ በአኪቴኗ ኤሌኖር።

አኪቴን በዛሬዋ ፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ያለ ሰፊ፣ ወይን የሞላበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1137 መስፍኑ ጊዮም 10ኛ በስፔን ያለውን የሳንቲያጎን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲሄድ ሞተ። በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ ስላልነበረው አገሩ በሙሉ ለትልቋ ልጁ ለኤሌኖር ሆነ። ገና ልጅ ናት። በዚያው ዓመት የፈረንሳይን አልጋ ወራሽ ሉዊን ዳሯት። ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞተና ሉዊ ነገሠ።

የፈረንሳይ ንጉሥ ሲባል አገሩን ሁሉ የሚያዝ እንዳይመስላችሁ። በእጁ ያለው በፓሪስና በኦርሌያን ዙሪያ ያለው መሬት ነው። የቀረው የመሳፍንቱ ነው። መስፍን በንጉሡ ፊት ይንበረከካል፤ ሁለት እጁን በንጉሡ እጆች መሀል አድርጎ ታማኝነቱን ይምላል። አገሩ ሲመለስ ግን ፈራጁም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ጦር አዝማቹም እሱው ነው። ስለዚህ አኪቴንን በጋብቻ ማግኘት ለሉዊ ትልቅ ነገር ነበር።

ኤሌኖር ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደችለት። ወንድ አልመጣም። በ1152 ጳጳሳት ተሰብስበው «ዘመዳሞች ናችሁ» ብለው ጋብቻውን አፈረሱት። አኪቴን ግን የእሷ ርስት ነበረች፤ ይዛት ወጣች! ሁለት ወር ገደማ ቆይታ ፖይቲዬ ላይ በሰሜን ፈረንሳይ ያለችውን የኖርማንዲን መስፍን ሄንሪን አገባች። ልብ በሉ፣ ሄንሪ በሥጋ ዝምድና ከሉዊ ይበልጥ ይቀርባታል። የዝምድናው ነገር ሰበብ እንደነበር ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

በ1154 ሄንሪ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። ከስኮትላንድ ጠረፍ እስከ ስፔን ድንበር፣ እስከ ፒሬኔ ተራሮች ያለው ሰፊ አገር በአንድ ቤተሰብ እጅ ገባ። ያም ሆኖ በፈረንሳይ ላለው መሬቱ ሄንሪ የሉዊ ሎሌ ነበር። ንጉሥ ለንጉሥ ሎሌ! ለሁለቱ ቤቶች የረጅም ዘመን ጠብ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሳስበው ያመኛል። በ1173 ልጆቿ በአባታቸው ላይ ሲያምፁ ከልጆቿ ጎን ቆመች። ሄንሪ አሰራት፤ እሱ በ1189 እስኪሞት አልተፈታችም። ልጇ ሪቻርድ ጀርመን ውስጥ ሲታሰር ደግሞ፣ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗት፣ ቤዛውን አሰባስባ ራሷ ሄዳ አስፈታችው።

በ1204 አረፈች። ኖርማንዲም በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ ንጉሥ በፊሊፕ እጅ ወደቀች። ፎንቴቭሮ ገዳም ብትሄዱ የድንጋይ ምስሏን ታያላችሁ። አጠገቧ ሄንሪና ሪቻርድ ተጋድመዋል። እሷ መጽሐፍ ገልጣ ይዛለች።