ቢያሪትዝ፦ ነገሥታት የተሻሙባት፣ ማዕበል የሠራት የፈረንሳይ ከተማ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ፈረንሳይ ነን። ፓሪስ ግን አይደለም፤ የኤፍልን ማማ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ዛሬ የምንሄደው ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው። ስፔን ለመግባት ትንሽ ሲቀር፣ የፒሬኔ ተራሮች ወደ ባሕሩ ቁልቁል የሚወርዱበት አካባቢ። ከተማዋ ቢያሪትዝ ትባላለች።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በሉ እንሂድ።

ቢያሪትዝ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽ ትሁን እንጂ የመጣባት ሰው ብዛትና ዓይነት ያስገርማል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1889 መጥታለች። ልጇ ኤድዋርድ ሰባተኛ ደግሞ በመጨረሻዎቹ የንግሥና ዓመታት በየጸደዩ ይመላለስ ነበር። በ1908 ሄርበርት አስኩዊዝ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሆን ሲል ምን ሆነ መሰላችሁ? ሹመቱን የሚሰጠው ንጉሥ ለንደን የለም። ቢያሪትዝ ነው። አስኩዊዝ ተነሥቶ እዚህ ድረስ መጣ። በዛሬው ኦቴል ዱ ፓሌ ውስጥ የንጉሡን እጅ ስሞ ሹመቱን ተቀበለና ተመለሰ። አንድ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በባዕድ አገር ሲሾም ያ ብቸኛው ጊዜ ነው። በነሐሴ 2019 ደግሞ የቡድን 7 መሪዎች ስብሰባቸውን ያደረጉት እዚሁ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይኼ ነው። ለምን እዚህ? ፈረንሳይ ስንት የባሕር ዳርቻ ያላት አገር ናት። የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በማዕበሉ ነው! ብዙ ሰው ቢያሪትዝን የሀብታምና የካዚኖ ከተማ ብሎ ያልፋታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሀብታሙ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የቤቱ ባለቤት ባሕሩ ነው።

ከዓሣ ነባሪ እንጀምር። አዎ፣ ከዓሣ ነባሪ። ይህ አገር የባስክ ሕዝብ አገር ነው። ባስኮች ደግሞ በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የታወቁ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ነበሩ። ቢያሪትዝ ላይ አታላይ የሚባል ወደ ባሕሩ የወጣ ከፍታ አለ። እዚያ ላይ ጠባቂ ይቆማል። ዓይኑ ባሕሩ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪ ብቅ ሲል ጭስ ያስነሣል። ጭሱን ያየ ሁሉ ወደ ጀልባው ይሮጣል። በመቅዘፊያ እየቀዘፉ ይጠጉታል፤ ከዚያ በገመድ የታሰረ ጦር ይወረወራል። እስኪ አስቡት፤ በጥቂት ሰዎች የምትቀዘፍ የእንጨት ጀልባ ከዚያ ግዙፍ እንስሳ ጋር! የተገደለውን አሁን ፖር ቪየ ወደምትባለው ትንሽ የባሕር ዳርቻ ጎትተው ያወጡታል። ዘይቱ ለመብራት ይሸጣል። የከተማዋ አርማ ላይ ዛሬም ጀልባና ዓሣ ነባሪ ተሥለዋል።

በኋላ ዓሣ ነባሪው እየጠፋ ሄደ። አዳኞቹ እስከ ካናዳ ጠረፍ ድረስ ተከትለውት ሄዱ። ቢያሪትዝ ተዳከመች። ነጭ ግድግዳ ያላቸው ጥቂት ቤቶች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ነፋስ። በ1843 ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ መጥቶ አያት፤ በጣም ወደዳት። አንድ ነገር ብቻ ፈራላት፤ ፋሽን እንዳትሆን። የፈራው አልቀረም። አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

በ1854 እቴጌ ዩጄኒ መጣች። የስፔን ተወላጅ ናት፤ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን ሣልሳዊ ሚስት። ይህን ባሕር የምታውቀው ከልጅነቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር ትመጣ ነበር። ንግሥት ስትሆን ባሏን ይዛ ተመለሰች። ባል ደግሞ ሚስቱን ለማስደሰት አሸዋው አፋፍ ላይ ቤተ መንግሥት ሠራላት። ቪላ ዩጄኒ ይባል ነበር። በየበጋው ማለት ይቻላል ይመጡ ጀመር። ንጉሥ የሄደበት ቦታ ባዶ አይቀርም። መኳንንቱ ተከተሉ፣ ባለ ሀብቱ ተከተለ፣ የሩሲያ ልዑላን ተከተሉ። ሩሲያውያኑ ከመብዛታቸው የተነሣ በ1892 የራሳቸውን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። እስካሁን ቆማለች፤ ሰማያዊ ጉልላቷ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ይታያል። ቪላ ዩጄኒ ራሱ ኋላ ተሸጦ ሆቴል ሆነ። በ1903 እሳት በላው፤ እንደገና ተሠራ። አስኩዊዝ የተሾመበት ኦቴል ዱ ፓሌ ማለት ይኸው ነው።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። ቻናላችንን ገና ያልተቀላቀላችሁ ካላችሁ ሰብስክራይብ አድርጉና ተረጋግታችሁ ስሙኝ።

ዓመቱ 1862 ነው። አንድ የፕሩሺያ ዲፕሎማት ለእረፍት ቢያሪትዝ ይመጣል፤ ፕሩሺያ ማለት ያኔ ገና አንድ አገር ካልሆኑት የጀርመን መንግሥታት ኃያሏ ናት። ኦቶ ቮን ቢስማርክ። ከእሱ ጋር ካትሪና ኦርሎቫ የምትባል ወጣት ልዕልት አለች፤ የሩሲያ አምባሳደር ሚስት። ነሐሴ ላይ ሁለቱ ሊዋኙ ገቡ። ባሕሩ ይዟቸው ሄደ! ሊሰምጡ ነው። ያወጣቸው የመርከብ መብራት ማማው ጠባቂ ነው። ላፍለር ይባላል። ቢስማርክ ከሞት ተረፈ።

ሰውየው በዚያው ዓመት መስከረም የፕሩሺያ መሪ ሚኒስትር ሆነ። በ1865 ተመልሶ ቢያሪትዝ መጣ። አሁን ግን ለመዋኘት አይደለም። ኦስትሪያን ሊወጋ አስቧል፤ ፈረንሳይ ጣልቃ እንዳትገባበት ናፖሊዮንን ሊያለዝብ ነው የመጣው። በሚቀጥለው ዓመት ኦስትሪያን ወጋ፣ አሸነፈ። በ1870 ደግሞ ተራው የማን ሆነ? የፈረንሳይ! ናፖሊዮን ተማረከ፤ ዙፋኑ ወደቀ። እቴጌዋ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች። በ1871 ጀርመን አንድ አገር ሆነች።

ልብ በሉ። ያ ጠባቂ ያን ቀን ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮስ? እኔ በበኩሌ የአውሮፓ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ባይ ነኝ። የቪላው ባለቤቶች ደጃፍ ላይ ያለው ባሕር ጠላታቸውን ይዞት ነበር። የራሳቸው አገር ሰው ነው ያወጣው። ለላፍለር ትልቅ ክብር አለኝ፤ የሚሰምጥ ሰው ሲያይ ማነህ ብሎ አልጠየቀም።

እሺ። አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ ልምጣ፤ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። ስለ ቢያሪትዝ ቪዲዮ እሠራለሁ ስል ብዙዎቻችሁ «ኒስ አጠገብ ያለችው?» አላችሁኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ሜዲትራኒያን ምን ማዕበል አለው?» አላችሁ። ወገኖቼ፣ አይደለም! ኒስና ካን በደቡብ ምሥራቅ፣ በሜዲትራኒያን ላይ ናቸው። ቢያሪትዝ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ናት። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ደቡብ ፈረንሳይን ከዳር እስከ ዳር መሻገር አለባችሁ። ባሕሩም ሌላ፣ አየሩም ሌላ። ኒስ ላይ ውኃው ብዙውን ጊዜ የረጋ ነው። ቢያሪትዝ ላይ በየሰዓቱ መልኩን ይለውጣል።

ለምን? ያው ጨው ውኃ አይደለም ወይ? እዚህ ላይ ምሳሌ ልስጥ፤ በዚህ ምሳሌ ትንሽ ታገሡኝ።

የጥምቀትን ሕዝብ አስቡ። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ መንገዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መርፌ ቢወረወር መሬት አይነካም። ከኋላ አንድ ሰው ይገፋል። የተገፋው ከፊቱ ያለውን ይገፋል። እሱም ቀጣዩን። እሱም ቀጣዩን። እናንተ ከፊት ናችሁ። የመጀመሪያውን ገፊ አታዩትም፤ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ግን ጀርባችሁ ላይ ደረሰ። ሰውየው መጣ? አልመጣም፤ እዚያው ቆሟል። የመጣው ግፊቱ ነው። ማዕበልም እንዲሁ ነው። ውኃው ከካናዳ አይመጣም። ውኃው በቦታው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚጓዘው ግፊቱ ነው።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከፊታችሁ ደረጃ አለ እንበል። የፊተኛው ረድፍ እግሩን ደረጃው ያዘው። ከኋላ ግን ጀርባውን ይገፉታል። እግር ቆመ፣ ደረት ሄደ። ምን ይሆናል? በግንባሩ ይደፋል! ማዕበል ተሰበረ የምንለው ይህንን ነው። ባሕሩ ወደ ዳር እየሳሳ ሲመጣ የማዕበሉን እግር መሬቱ ይይዘዋል፤ አናቱ ግን መሄዱን አይተውም፤ ይደፋል።

አሁን ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው በሉ። አንዱ ቢገፋም ግፊቱ የሚጠራቀምበት ቦታ የለም። ሜዲትራኒያን ያ ግቢ ነው። አትላንቲክ ግን ማዶው የማይታይ ሜዳ ነው፤ ግፊቱ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጀመሪያውን ደረጃ የሚያገኘው ቢያሪትዝ ላይ ነው።

ቴክኒኩን በአጭሩ። የማዕበል መጠን በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በነፋሱ ፍጥነት፣ በነፈሰበት ጊዜ፣ በነፈሰበት ርቀት። በአንዱና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል ያለው ሰከንድ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይበልጣል። የውኃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ይሰበራል። በዚህ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት አለ፤ በትልልቆቹ ቀናት ልዩነቱ ከ4 ሜትር ያልፋል። ፊዚክሱን ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ፣ እንለፍ።

ይህ ጉልበት ለብዙ ዘመን እንደ ጠላት ነበር የሚታየው። ናፖሊዮን ሣልሳዊ እዚህ የመርከብ መጠለያ ወደብ ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። ዓለት አስቦረቦረ፣ ግንብ አስጀመረ። ባሕሩ እምቢ አለ። ሥራው ተቋረጠ። የተረፈው የዛሬው የድንግል ማርያም ዓለት ነው። ከ1865 ጀምሮ አናቱ ላይ ነጭ የማርያም ሐውልት ቆሟል።

ጠላትነቱ የተለወጠው በ1957 ነው። ፒተር ቪየርቴል የሚባል የሆሊውድ ጸሐፊ ለፊልም ሥራ አካባቢው ላይ ነበር። ኮት ዴ ባስክ የተባለውን የባሕር ዳርቻ አየ። ካሊፎርኒያ ላይ ሰው በሰርፍ ቦርድ የሚንሸራተትበት ዓይነት ማዕበል ከፊቱ ተደርድሯል፤ የሚጋልበው ግን የለም። ሰርፍ ቦርድ አስመጣ። የከተማዋ ወጣቶች አዩ፣ ሞከሩ፣ ወደቁ፣ ደግመው ሞከሩ። በ1959 የመጀመሪያው የሰርፍ ክለብ ተቋቋመ። ሰርፊንግ በፈረንሳይ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ በከተማዋ የሰርፍ ትምህርት ቤት ሞልቷል። ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅም፣ ጡረታ የወጣውም ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሶ ቦርዱን አቅፎ መንገድ ሲሻገር ታያላችሁ። እኔን ከነገሥታቱ ሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ይኼ ነው። ማዕበል መግቢያ አያስከፍልም።

እሺ፣ ሄድን እንበል። ምን እናያለን?

የመጀመሪያው የድንግል ማርያም ዓለት። ወደ ዓለቱ የሚያሻግር ጠባብ የብረት ድልድይ አለ፤ የኤፍል ሥራ ነው ይባላል። መሐሉ ላይ ቁሙ። ማዕበሉ ከሥር ገብቶ ዓለቱን ሲመታ ከእግራችሁ በታች ይጮኻል። ጭጋግ የመሰለ ጨዋማ ውኃ ፊታችሁ ላይ ይረጫል፤ ከንፈራችሁን ስትልሱ ጨው ነው። ባሕሩ ሲቆጣ ድልድዩን ይዘጉታል፤ ሲዘጋ ከዳር ሆናችሁ ማየት ከመሻገሩ አያንስም።

ከዚያ ወረድ ስትሉ ፖር ቪየ ነው። ያ የዓሣ ነባሪ ማረጃ ዛሬ ጸጥ ያለ መዋኛ ነው፤ ዓለት ግራና ቀኝ ስለጋረደው ማዕበሉ አይደርስበትም። ነጭ ድቦች የሚባሉ ዋናተኞች ክረምት ከበጋ የሚዋኙት እዚህ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ አትውጡ። አጠገቡ የባሕር ሙዚየሙ አለ፤ አቆስጣዎቹ ዓሣ ሲበሉ ልጆች መሄድ አይፈልጉም።

የመብራት ማማው ከ1834 ጀምሮ ቆሟል። 248 ደረጃ አለው። ጉልበታችሁ ከፈቀደ ውጡ፤ ከላይ በአንድ በኩል የተዘረጋ አሸዋ፣ በሌላ በኩል የስፔን ተራሮች ይታያሉ። ትልቁ የባሕር ዳርቻ ላይ በ1929 የተሠራው ካዚኖ አለ። ሕንፃውን ከውጭ ማየት ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለምግብ አቆዩት። የተሸፈነው ገበያ ውስጥ የባስክ አይብ፣ የካም ሥጋ፣ ከኤስፔሌት መንደር የሚመጣ ቀይ በርበሬ አለ። በርበሬው ከእኛው በጣም የለዘበ ነው፤ ግን ጥሩ መዓዛ አለው።

መቼ እንሂድ ለምትሉ፤ እኔ መስከረም እላለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ሰው ይበዛል፣ ዋጋው ይንራል። መስከረም ላይ ውኃው ገና ከበጋው ሙቀት አልወጣም፤ ማዕበሉም ያምራል። ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ከአራት ሰዓት ትንሽ በለጥ ይላል። ጣቢያው ከመሐል ከተማ ራቅ ስለሚል አውቶቡስ ያስፈልጋችኋል።

ኮት ዴ ባስክ ስትሄዱ ደግሞ የባሕሩን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ። ሲሞላ አሸዋው በሙሉ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃችሁን አስቀምጣችሁ የትም አትሂዱ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ፤ ዋና የሚችል ሰውም አይግባ። ማዕበሉ ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት። ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። እጃችሁን አንሡ፣ ወደ ጎን ዋኙ፣ ጠባቂዎቹ ያዩአችኋል።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ ገበያው ውስጥ የት እንደምትበሉ ንገሩን። በሚቀጥለው ቪዲዮ ወደ ሰሜን ወጥተን ኖርማንዲን እናያለን።