ሁለተኛዋ ክር ስትወጣ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ጊታር አጠገባችሁ ካለ አንሱት፤ ከሌለም ጆሯችሁ ይበቃል። የዛሬው ወሬ ስለ ካንትሪ ጊታር ሶሎ ነው፤ ስለ ሁሉም ሳይሆን ክር በሚስብ መሣሪያ ስለተጫወቱት ብቻ። ሙሉ ስሙ ስትሪንግ ቤንደር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለተኛዋን፣ ቢ የምትባለውን ክር ስለሚስብ ቢ ቤንደር ይለዋል። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳንጣላ።

ድምፁን ሳታውቁት አትቀሩም። እኛ ዘንድ ኬኒ ሮጀርስንና ዶን ዊሊያምስን እየሰማ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ከዘፋኙ ኋላ የሚያለቅስ ነገር አለ አይደል? አንዱ ድምፅ ባለበት ቆሞ ሌላው ከሥሩ እየተንሸራተተ የሚወጣበት? እሱ ፔዳል ስቲል ነው። ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ የክሩን ውጥረት በእግር ፔዳል የሚለውጡበት መሣሪያ። ፔዳሉ ቀድሞም ነበረ፤ ግን ቅኝት ለመለወጥ ያህል ነበር የሚረገጠው። በ1954 የወጣው የካንትሪ ዘፋኙ ዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ላይ ግን የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ ክሩ ገና እየጮኸ ሳለ ረገጠው። ከዚያ በኋላ የካንትሪ መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ያንን ድምፅ ያልፈለገ የለም።

ኢ ናይን በሚባለው የፔዳል ስቲል ቅኝት የመጀመሪያው ፔዳል ቢን ወደ ሲ ሻርፕ ያወጣል። አንድ ሙሉ ቶን። ቤንደር ያለው ጊታርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

«በጣት ቤንድ ማድረግ እያለ ለምን ተፈለገ?» የሚል ይኖራል። በጣት ስትገፉ ጣቱ ተያዘ። ሌሎቹን ክሮች ሳይነቃነቁ ይዞ አንዷን ብቻ ማውጣት ከባድ ነው፤ ያልተረገጠች ክር ደግሞ በጣት አትገፋም። በቤንደር ግን ሙሉ ኮርድ ይዛችሁ፣ ጣታችሁ ሳይንቀሳቀስ፣ ከመካከሉ አንዷ ድምፅ ትወጣለች። ለኔ የዚህ ድምፅ ውበቱ የምትወጣው ድምፅ ብቻ አይደለችም። ባለበት የሚቆመው ነው ውበቱ። የምወዳቸውን ሶሎዎች የምመርጠውም በዚሁ ነው፦ ተጫዋቹ ምኑን አስቁሞ ምኑን አንቀሳቀሰ?

እስቲ ቁጥሩን እንየው፣ ምክንያቱም የመሣሪያው ጠባይ ሁሉ ከቁጥሩ ነው የሚመጣው። ድምፅ አንድ ቶን እንዲወጣ የክሩ ውጥረት በ26 በመቶ መጨመር አለበት። ባለ 10 የሚባለው የክር ስብስብ ላይ ሁለተኛዋ ክር ውፍረቷ 0.013 ኢንች ነው። ቴሌካስተር በሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ በ7 ኪሎ ገደማ ጉልበት ተወጥራ ትቆማለች። ሲ ሻርፕ ለመድረስ ወደ 9 ኪሎ ትጠጋለች። ለዚህ የክሩ ጫፍ ምን ያህል መሳብ አለበት? ክሩን ብቻ ካሰላነው 1 ሚሊሜትር አይሞላም! የድምፅ ከፍታ በሚለካበት በሴንት ሙሉ ቶን 200 ነው፤ እሱ እንግዲህ እዚያች ሚሊሜትር ውስጥ ነው የተጠቀጠቀው። የአንድ ጸጉር ውፍረት ያህል ከሳታችሁ ከ10 ሴንት በላይ ሳታችሁ ማለት ነው፤ ኮርድ ውስጥ ሲሆን ያ ይሰማል። ይህችን ሚሊሜትር አትርሷት፣ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያው ሶሎ፣ ወይም ሙሉው ቁራጭ፣ «ናሽቪል ዌስት» ነው። በርድስ የሚባለው ባንድ በ1969 ባወጣው «ዶክተር በርድስ ኤንድ ሚስተር ሃይድ» አልበም ላይ አለ፤ ዘፈን የለበትም። ጊታሩ ክላረንስ ዋይት ነው። ክላረንስ ብሉግራስ ከሚባለው የካንትሪ ዘመድ ስልት የመጣ ሰው ነው፤ ከበርድስ በፊት ናሽቪል ዌስት በሚባል ባንድ ውስጥ ከጂን ፓርሰንስ ጋር ይጫወት ነበር። ጂን ከበሮ መቺ ነው፣ ግን የብረት ሥራም ያውቃል። የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

ክላረንስ በመጀመሪያ የፔዳል ስቲሉን ድምፅ የሚያወጣው በነቱና (ራስጌው ሥር ክሮቹ በጎድጓድ የሚያልፉበት ትንሽ ዘንግ) በመቃኛ ቁልፉ መካከል ያለውን የክር ክፍል በጣቱ እየተጫነ ነበር። ይህ ነት አጠገብ ስትሆኑ ይሠራል። አንገቱ ላይ ከተሰመሩት ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ ሰባተኛው ላይ ስትወጡ ግን ያው እጅ ነት ጋ አይደርስም። ስለዚህ ጂንን «አንተ ሳብልኝ» አለው። ሦስተኛ እጅ ፈለገ ማለት ነው። ጂን በ1967 ሦስተኛውን እጅ ከብረት ሠራለት። አንዳንዶቹ ክፍሎች የፔዳል ስቲል ዕቃ ናቸው፤ የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ስኒኪ ፒት ክላይናው የሰጣቸው። ዕቃው ቀጭኑ ቴሌካስተር ውስጥ አልገባ ሲል ከጀርባ ሌላ እንጨት ተጨምሮ ጊታሩ ወፈረ። ክላረንስ በ1973 ሰካራም ሹፌር ገጭቶ ገደለው፤ ገና 29 ዓመቱ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንገቻው የሚታሰርበት የላይኛው ቁልፍ በእንጨቱ ላይ የተመታ አይደለም፣ ሊቨር ላይ ነው። ኔኩን፣ የጊታሩን አንገት፣ ወደ መሬት ስትገፉ ጊታሩ ይወርዳል፣ ማንገቻው ግን ትከሻ ላይ ስለሆነ ይቀራል። ሊቨሩ ይነሳል፣ በጊታሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉ ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ከብሪጁ ኋላ ያለውን የክር መያዣ ያዞራል። ስትለቁ ሞላ ይመልሰዋል። አንዲት ብሎን ደግሞ «ከዚህ አትለፍ» ትላለች።

«ናሽቪል ዌስት»ን ስትሰሙ የክላረንስን ጊዜ አያያዝ ተከታተሉ። ምቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ይቀድማል፣ ይዘገያል። ክሯ የምትወጣበትን ፍጥነትም ይለዋውጣል። ጀማሪ ቤንደር ሲያገኝ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት ይስባል፣ ያኔ ጊታሩ እንደ አሻንጉሊት ይሆናል። ቀስ ብሎ መሳብ ፔዳል ስቲልን ያመጣል፤ ቶሎ መሳብ ባንጆን።

አሁን ጊታሩን አንሱ። አራተኛዋንና ሦስተኛዋን ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያዙ፤ ሁለተኛዋ ክፍት ትሁን። ሦስቱን ምቱ። ኢ፣ ኤ፣ ቢ ነው፤ ያልተፈታ ነገር ይሰማል። ቢ ወደ ሲ ሻርፕ ስትወጣ ኤ ሜጀር ሆኖ ይፈታል። ይኸው ቅርጽ ይንቀሳቀሳል፦ ሁለቱ ክሮች 7 ላይ፣ ሁለተኛዋ 5 ላይ ሆና ስትሳብ ዲ ሜጀር ነው። 9 እና 7 ላይ ኢ ሜጀር ነው። በቃ፣ በኤ የተሠራ ግማሹን የካንትሪ ዘፈን በዚህ አንድ ቅርጽ ማጀብ ይቻላል። አመልካች ጣት ሁለተኛዋን ክር ይያዝ፣ የቀለበት ጣት ሁለቱን አንድ ላይ ይጫን። መሣሪያው የሌላችሁ የመጀመሪያውን እንደ ክላረንስ ከነት ኋላ ሞክሩት። ጊታሪስቱ ጄሪ ዶናሂው ያለ አንዳች ቤንደር በዚሁ ዘዴ ስሙን ያስጠራ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኛ ጆሮ ነው። ትዝታ ሜጀርን በቁጥር ብንጠራው 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6 ነው። ውስጡ ሙሉ ቶን የሆኑ እርምጃዎች ሦስት ናቸው፦ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3፣ ከ5 ወደ 6። ቢ ቤንደር በሜጀር ኮርድ ላይ ጥሩ የሚሰማባቸው ቦታዎችም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። አሁን የተጫወታችሁት ከ2 ወደ 3 ነው። ባሬ ጂ ኮርድ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያዙና ሁለተኛዋን ሳቡ፣ ከ5 ወደ 6 ይሆናል። ክፍት ዲ ኮርድ ላይ ከ1 ወደ 2። ስለዚህ ትዝታ የሚጫወት ጊታሪስት ይህ መሣሪያ ቢገባለት አዲስ ቋንቋ አይማርም። አንቺ ሆዬ ላይ ግን አንድም ሙሉ ቶን የለም፣ ዘንጉ ሥራ ፈት ነው።

ወደ ሶሎዎቹ። «ፒስፉል ኢዚ ፊሊንግ»፣ የኢግልስ ባንድ፣ 1972፣ ጊታሩ በርኒ ሌደን። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው የማስቀድመው ነው፣ ምክንያቱም አይቸኩልም። በግጥሙ መስመሮች መካከል ይገባና ይወጣል፣ ቦታውን ያውቃል። የ1979ኙ «ስዊት ሊትል ሊሳ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የዴቭ ኤድመንድስ ሥራ ሆኖ ጊታሩን አልበርት ሊ ይዞታል። እዚያ ፍጥነት ነው። የጣትና የመሣሪያው ድምፅ ተቀላቅሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ሦስት ጊዜ መስማት ያስፈልጋል።

የዳይመንድ ሪዮ ባንድ ጊታሪስት ጂሚ ኦላንደር አንድ አልበቃውም፣ ሁለት ቤንደር ነው ያለው፦ ለሁለተኛዋ ክር ለቢም፣ ለሦስተኛዋ ለጂም። «ሚት ኢን ዘ ሚድል»ን፣ የ1991ን፣ ስሙ። የሁለቱን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፦ አራተኛዋን ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያዙ፣ ሦስተኛዋና ሁለተኛዋ ክፍት ይሁኑ። ኢ ማይነር ነው። ሁለቱም ሲሳቡ ኤ ሜጀር ይሆናል። አንድ ጣት ብቻ ተይዞ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ኮርዱ ተለወጠ! የካንትሪ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ብራድ ፔዝሊ ደግሞ የሚስበው የጂ ክሯን ነው። እኔ እንኳ ለሁለት አልቸኩልም፤ አንዱን ማስተዳደር ይበቃል።

የክላረንስ ያ ወፍራም ጊታር ዛሬ የካንትሪ ሙዚቀኛው ማርቲ ስቱዋርት እጅ ነው፤ በ1980 ከክላረንስ ሚስት ገዛው። በ2010 «ጎስት ትሬን» ላይ ያለውን «ሃሚንግበርድ» ስሙት፤ ግራሚ አግኝቷል። ክላረንስን መኮረጅ ቀላል ነበር፣ ማርቲ ግን በዚያው ብረት የራሱን ነገር ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ ሚሊሜትሯ። መሣሪያው ከገባላችሁ በኋላ የሚያስቸግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ክሯ ወጥታ ስትመለስ ቢ ላይ አታርፍም። ብዙ ሰው ሞላውን ይወነጅላል፣ ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ ግን ጥፋቱ የነቱ ነው። ክሯ በነቱ ጎድጓድ ውስጥ ትይዛለች፤ ስትሳብ ትንሽ ታልፋለች፣ ስትለቀቅ አትመለስም። ጎድጓዱን በእርሳስ ጫፍ አጥቁሩት፤ ካልበቃ ጊታር ሠሪ በስሱ ያስፋው። ሁለተኛ ተጠርጣሪ ራስጌ ላይ ክሮቹን ወደ ታች የሚይዘው ትንሽ ብረት ነው፣ በጣም ከተጫነ ይላላ። ሦስተኛ፣ መቃኛው ላይ የተጠመጠመው ክር፤ ከሁለት ሦስት ዙር አይብለጥ።

ሞላው በጣም ከላላ ቴሌካስተሩ በገዛ ክብደቱ፣ በ3 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ክሩን መሳብ ይጀምራል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ኔኩን በጣታችሁ ጨምቃችሁ ትገፋላችሁ፣ ኮርዱ ሁሉ ይበላሻል። ግፊቱ ከክንድ ይምጣ፣ ጣቶቹ ይረፉ። ማንገቻው ሰፊ ቆዳ ይሁን፣ ውስጡ ሻካራ፤ ናይለን ትከሻ ላይ ይንሸራተትና ትገፋላችሁ፣ ምንም አይመጣም። ደግሞ ተንሳፋፊ ብሪጅ ያለው ጊታር ላይ አታስገቡት። የአንዷ ክር ውጥረት 2 ኪሎ ያህል ሲጨምር ብሪጁ ይዘነበልና ሌሎቹ አምስቱ ይወርዳሉ። የሚቆመው ካልቆመ ምን ዋጋ አለው?

እንጨት ማስቆፈር ላልፈለገ ሂፕሾት የሚባለው አለ፤ ከውጭ ይታሰራል፣ በዳሌ ይገፋል። ጥሩ ነው፣ ተቀምጦ መጫወት ግን ያስቸግራል። በመዳፍ የሚጫኑትም አሉ፤ እነሱ ደግሞ የቀኝ እጃችሁን ምት ይሻማሉ።

አቃቃኙን ልንገራችሁና ላብቃ። አዲስ ክር ከገባ በኋላ ቤንደሩን 15 ጊዜ ያህል ሳቡ፣ ክሯ ትርጋ። መጀመሪያ ቢን ሳትስቡ ቃኙ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳቡና በቱነር ሲ ሻርፕን እያያችሁ ማቆሚያዋን ብሎን በካቻቪቴ አስተካክሉ፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ልቀቁ፣ ቢን እንደገና እዩ፣ ድገሙት። ቱነሩ «ልክ ነው» ካላችሁ በኋላ ያንን የኤ ቅርጽ ምቱና በጆሯችሁ ስሙ። ሲ ሻርፕ ትንሽ የምትወጋ ከመሰላችሁ ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ቱነር የሚሰጠው የኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ (በኤ ላይ ሲ ሻርፕ) ከተፈጥሯዊው በ14 ሴንት ይበልጣል። የፔዳል ስቲል ተጫዋቾችም ይህችን ድምፅ ዝቅ ያደርጓታል። እኔ 5 ሴንት ያህል አወርዳታለሁ፣ ከዚያ በላይ ካወረዳችሁ ከኪቦርዱ ጋር ትጣላላችሁ። ብሎኗን ስትነኩ ታዲያ በጣም በቀስታ። ቸር ሰንብቱ።