«360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ» የምትለው መስመር ትለወጥ

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በግዥና በኮንትራት አስተዳደር ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የተጋበዝሁት ከጭስ ማውጫና ከፋብሪካ ጋን ተይዞ ወደ ኮንክሪት ስለሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንድናገር ነው። ስለ ቴክኖሎጂው የምችለውን ያህል አስረዳለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ልናገር የመጣሁት ስለ ገዥው፣ ማለትም ስለ ሸማቹ፣ በሥራ ዝርዝሩም ላይ ስለሚጽፋት የሲሚንቶ መጠን ነው። መንገዱን፣ ድልድዩን፣ ትምህርት ቤቱንና የጋራ መኖሪያ ቤቱን የሚያሠራው መንግሥት ነው። እንዲህ ያለ ገዥ በጨረታ ሰነዱ ላይ የጻፈውን ተቋራጩ ያቀርባል፤ ያልጻፈውን ማንም በበጎ ፈቃድ አያመጣለትም።

በዓለም ላይ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋቱን ሁሉ በከሰሉ ላይ ይደፈድፋል። ከሰሉም ድርሻ አለው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን የሚወጣው ከራሱ ከድንጋዩ ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ ሲግል የያዘውን ጋዝ ይለቃል፤ ከአንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 440 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ክሊንከር፣ ማለትም በኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጓል፣ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሙቀቱ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። ሙገርም ሆነ ደርባ፣ አዲሱ የለሚ ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃ መገኘቱ የሚያኮራ ነገር ነው፤ ድንጋዩ የሚለቀውን ጋዝ ግን የዓባይ ግድብም አያስቀረውም።

ወደ ቴክኖሎጂው ልግባ። በሰፊው የተሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው። ከሌላ ፋብሪካ ተይዞና ተጣርቶ በጋን የመጣው ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ኮንክሪቱ በሚቀላቀልበት ጊዜ ተመጥኖ ይረጭበታል። ከቱቦው ሲወጣ ከፊሉ ጋዝ፣ ከፊሉ ብናኝ በረዶ ይሆናል። ወዲያው ከሲሚንቶው ከሚለቀቀው ካልሲየም ጋር ይዋሐድና ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ማለት ነው። አረፋ ሆኖ የተቀመጠ ጋዝ ስላልሆነ ሕንፃው ከብዙ ዘመን በኋላ ቢፈርስ እንኳ አይተንም። እነዚህ ቅንጣቶች ሲሚንቶው የሚጠነክርበትን ሂደት ያግዛሉ፤ ኮንክሪቱም የጥንካሬ ትርፍ ያገኛል። በዚያ ትርፍ ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ያህል፣ ሲሚንቶ መቀነስ ይቻላል።

ይህን ካደረጉ የመንግሥት ተቋማት መካከል የሃዋይ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሠራውን ልንገራችሁ፤ አሠራሩን ስለምወደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኦዋሁ ደሴት፣ በካፖሌይ የመንገድ ማሳለጫ አጠገብ የመዳረሻ መንገድ ይሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ካርቦንኪዩር በተባለው የካናዳ ኩባንያ ቴክኖሎጂ የተዘጋጀውን ኮንክሪት 115 ሜትር ኩብ ያህል አስፈሰሰ። ከጎኑ ደግሞ የተለመደውን ኮንክሪት በዚያው መጠን አስፈሰሰ፤ ሁለቱን በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ ዝናብና በአንድ የጭነት መኪና ጎማ ሥር ለማወዳደር። ጋዙ የተገኘው እዚያው ደሴቲቱ ላይ ነው፤ የሃዋይ ጋዝ ኩባንያ ከምርቱ ሂደት የያዘው ነበር። ወደ አየር ከመለቀቅ ዳነ የተባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 680 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ትንሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ትንሽነቱን አልደበቀም። በዚያው ዓመት የሆኖሉሉ ከተማ ምክር ቤት አስተዳደሩ እንዲህ ያለውን ኮንክሪት በከተማዋ ግንባታዎች ላይ መጠቀምን እንዲያስብበት የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። አስተውሉ፤ ምክር ቤቱ ፋብሪካ አልተከለም፣ ድጎማም አልሰጠም። ገዥ እንደመሆኑ ፍላጎቱን በጽሑፍ አሳወቀ።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ወደ ኮንክሪቱ የሚረጨው ጋዝ ክብደቱ ከሲሚንቶው ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። «ሕንፃዎቻችን ካርቦን የሚውጡ ይሆናሉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ጥቅሙ በዋነኛነት የሚገኘው ከሚቀረው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶውን ሳይቀንሱ ጋዙን ብቻ ጨምሮ በዜና ማስነገር ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው።

ስለዚህ የኛን አገር የሥራ ዝርዝር ገልጠን እንመልከት። እዚህ ያለነው መሐንዲሶች ሁላችን በቃላችን የምናውቃት መስመር አለች፦ ጥራቱ ሲ-25 (የጥንካሬ ደረጃ ስም ነው) የሆነ የአርማታ ኮንክሪት፣ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ፣ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ተሞልቶ በቫይብሬተር የሚጠቀጠቅ። ይህች መስመር ሁለት ነገር ታዝዛለች፦ ጥንካሬውንም፣ ሲሚንቶውንም። ተቋራጩ በተሻለ ቅልቅል፣ በተሻለ ጠጠር ወይም በተረጨ ጋዝ ያንኑ ጥንካሬ በ342 ኪሎ ግራም ቢያገኝ፣ ውሉን ጥሷል ተብሎ ክፍያው ይያዝበታል። 18 ኪሎ ግራም ትንሽ ይመስላል። አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ኮንክሪት በሚፈጅ ሕንፃ ላይ ግን 180 ኩንታል ሲሚንቶ ነው! ሲሚንቶ ጠፍቶ በወረፋና በኮታ ስንገዛ የከረምን ሰዎች 180 ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ አናጣውም።

መስመሯ ያለ ምክንያት አልተጻፈችም። አሸዋና ጠጠር በሳጥን በሚለካበት፣ ውሃው በግምት በሚጨመርበት፣ ኮንክሪቱ በባሬላ በሚጓጓዝበት ሥራ ላይ የሲሚንቶው መጠን መወሰኑ ለሕይወት ዋስትና ነው፤ እዚያ መነካት የለባትም። ጋዝ መርጨቱም እዚያ የማይታሰብ ነው፤ መጠኑን የሚቆጣጠር ማቀላቀያ ጣቢያ ይፈልጋል። ጣቢያ፣ ቤተ ሙከራና ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በአንድ ላይ የሚገኙት ደግሞ በአብዛኛው በትልልቅ የመንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ ነው። መጀመር ያለብንም ከዚያ ነው። በእነዚህ ፕሮጀክቶች ሰነድ ላይ የሲሚንቶው ቁጥር ወጥቶ ኮንክሪቱ በተፈሰሰ በ28ኛው ቀን የሚለካው ጥንካሬ፣ የዘላቂነት መስፈርትና በአንድ ሜትር ኩብ የሚፈቀደው የካርቦን ጣሪያ ይግባ። በካሊፎርኒያ የማሪን አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንን በሕንፃ ደንቡ ውስጥ አስገብቷል፤ ለየጥንካሬ ደረጃው የሲሚንቶ ወይም የካርቦን ጣሪያ አበጅቶ መንገዱን ለባለሙያው ተወ። የኒውዮርክ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በፀደቀ ሕግ ተነሥቶ ግዛቱ ለሚያሠራቸው ግንባታዎች በኮንክሪት ላይ የልቀት ጣሪያ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ነው። ሁለቱም «ይህን ማሽን ግዙ» አላሉም። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለኛ በርካሹ የሚገኘው መፍትሔ ከጋዙ በፊት ለሲሚንቶው በከፊል ምትክ የሚሆኑት፣ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣው ፑሚስ የተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ እንዲሁም በሥርዓት የተመጠነ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ይቀመጥ፤ መንገዶቹ በሱ ሥር ይወዳደሩ።

ጋዙስ ከየት ይመጣል? ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ውስጥ ለይቶ ማውጣት እጅግ ውድ ነው፤ ጭሱ ከናይትሮጅንና ከአቧራ ጋር የተቀላቀለ ነው። ቀላሉ ምንጭ በእርሾ አልኮል የሚጠመቅበት ቦታ ነው። ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ከአልኮሉ ጋር የሚቀራረብ ክብደት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ እሱም ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ፊንጫና መተሐራ ኢታኖል የተመረተባቸው ስኳር ፋብሪካዎች ናቸው፤ የቢራ ፋብሪካዎቻችንም ብዙ ናቸው። መተሐራ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጋዙን ወደ ፈሳሽ መለወጥ ኤሌክትሪክ፣ ማጓጓዝ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጥናቱ ይህን ሁሉ ቀንሶ ሂሳቡን ማሳየት አለበት። ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ ጋዝ ግን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይገዛ።

ተማሪዎቻችን ስለ ብረቱ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ትክክል ናችሁ። የአርማታ ብረት ከዝገት የሚጠበቀው ኮንክሪቱ ከፍተኛ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ያለው፣ ስለሆነ ነው። በጥቂቱ የሚረጨው ጋዝ ይህን ጠባይ እስከዚህም አይለውጠውም። ዝግ ክፍል ውስጥ በጋዝ እንዲጠነክር የሚደረገው ኮንክሪት ግን አልካላይንነቱን ያጣል፤ ብረት ያለበት አምድና ወለል በዚህ መንገድ መሠራት የለበትም። ብሎኬት፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍና የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ብረት የለባቸውም፤ ብዙ ጋዝ የሚቀበሉትም እነሱ ናቸው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ብቻ ስንት ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ እንደተነጠፈ በየቀኑ እየተራመድንበት እናየዋለን። የዚህ ዓይነት ምርት በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚወጣ ለመቆጣጠርም ለመለካትም ይመቻል።

እንግዲህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የግዥ ባለሙያዎች፣ በቀጣዩ በጀት ዓመት ማቀላቀያ ጣቢያ ካለው አንድ የመንግሥት ፕሮጀክት ላይ «360 ኪሎ ግራም» የምትለውን ቁጥር አውጥታችሁ በጥንካሬና በካርቦን ጣሪያ ተኩ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንደ ካፖሌይ ሁለቱን ኮንክሪቶች ጎን ለጎን አስፈሱ፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በኪዩብ ናሙና የተለካውን ጥንካሬያቸውን፣ ከዓመት በኋላም ከመንገዱ የተቆረጠውን ናሙና፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ ለሕዝብ አሳትሙ። ተቋራጮች፣ የተረፈው ሲሚንቶ ዋጋ ከፊሉ ለእናንተ እንዲቀር ውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ካልሆነ የምትደክሙበት ምክንያት የለም። በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የምትፈልጉ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ከመድረኩ ፊት እንገናኝ፤ ሰነዱን ማርቀቅ ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።