የአጎቴ ስኳር «ጠፋ» የተባለ ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ሆኜ ላወራችሁ የፈለግሁት በሌላ ሕመም ሰበብ ኩላሊት ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። የኩላሊት እጥበት ክፍል ደጃፍ ላይ ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ታሪካቸውን ከኩላሊት አይጀምሩም። አንዱ «ስኳር ነበረብኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላዋ «ግፊቴ አልወርድ ብሎኝ ነበር» ትላለች። በዓለም ደረጃም ቢሆን ሥር ለሰደደ የኩላሊት ሕመም ዋነኞቹ ምክንያቶች የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ናቸው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም)፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የልብ ድካም፣ በዕድሜ የገፉ ወንዶችን የሚያስቸግረው የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥም ወደዚያው ሊያደርሱ ይችላሉ። እኔ ግን ዛሬ በቅርብ ባየሁት በስኳርና በግፊት ላይ እቆያለሁ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለብዙ ዓመታት ስኳር ነበረባቸው፤ ኢንሱሊናቸውን በሰዓቱ ይወጉ፣ ምግባቸውንም ይጠነቀቁ ነበር። አንድ ወቅት ላይ ስኳራቸው ያለ ምንም አዲስ ምክንያት መውረድ ጀመረ። የኢንሱሊኑ መጠን ተቀነሰ፣ ከዚያም ደግሞ ተቀነሰ፤ ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ስኳሩ ጠፋላቸው» ብሎ ተደሰተ። ይህን ደስታ በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁና ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ኢንሱሊንን ከደም ውስጥ ከሚያስወግዱት አካላት አንዱ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን ቶሎ ስለማይወገድ በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በዚህም የተነሳ ያው የዱሮው መጠን ስኳሩን ከሚገባው በላይ ያወርደዋል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር እንክብል የሚወስዱ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ለዓመታት ስኳር አብሮት የኖረ ሰው አመጋገቡንም ሆነ ክብደቱን ሳይለውጥ የመድኃኒት ፍላጎቱ በድንገት ከቀነሰ፣ ከደስታው አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በአጎቴ ላይ የእግራቸው እብጠትና የትንፋሻቸው ማጠር ነገሩን እስኪገልጡት ድረስ ይህንን ያነሳ ሰው አልነበረም።

እንዴት እንዲህ በጸጥታ ይደርሳል? እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። በአንድ ቀን ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ፤ በሽንት መልክ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእነዚህን ማጣሪያዎች ግድግዳ ያወፍራል፣ በውስጣቸው ያለውንም ግፊት ይጨምራል፤ በመጨረሻም ማለፍ የማይገባው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት መፍሰስ ይጀምራል። የደም ግፊትም ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች እያጠበበና እያደረቀ ይጎዳቸዋል፤ የተጎዳው ኩላሊት ደግሞ በተራው ግፊቱን የበለጠ ያንረዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጎኑን አያመውም፣ ሽንቱም በመጠን አይቀንስም። በየላቦራቶሪው የሚታዘዘው፣ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደውን ቆሻሻ የሚለካው ክሬአቲኒን የተባለ የደም ምርመራ እንኳ የኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ በብዙ ሰዎች ላይ ልክ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ልቤን የሚያቃጥለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከክሬአቲኒን ቀድሞ ሊናገር የሚችለው የሽንት ምርመራ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር (ብዙ ጊዜ በጎልማሳነት የሚመጣው) ያለበት ሰው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ዓይነት (ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው) ያለበት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ሽንቱ ለአልቡሚን መመርመር አለበት። ለእጥበት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ የዚህ ምርመራ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን የክትትሉ ቀን ብዙ ጊዜ ስኳር ተለክቶ፣ መድኃኒት ተጽፎ ያልቃል። ሐኪሙ በአንድ ጠዋት የሚያየው ሕዝብ ብዛት ይገባኛል፤ ለዚህም ነው ጥያቄው ከታማሚውና ከአስታማሚው በኩል ቢነሳ ደስ የሚለኝ። «ሽንቴ ለፕሮቲን የታየው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ፕሮቲን መፍሰሱ በጊዜ ከታወቀ ደግሞ የሚደረግ ነገር አለ። እንደ ኤናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ግፊትን ከማውረድ አልፈው በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ጫና ይቀንሳሉ። የዚህ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ካፕቶፕሪል በስኳር የተጎዳን ኩላሊት ውድቀት እንደሚያዘገይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በ2001 ደግሞ ሎሳርታን የተባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። ኤናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳሉን ጠልቶ መድኃኒቱን በራሱ ያቋረጠ ሰው አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ቢጠየቅ ኖሮ ወደ ሎሳርታን ሊቀይርለት ይችል ነበር። ሁለቱም ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጡም። በቅርብ ዓመታት ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን የተባሉ የስኳር መድኃኒቶች መጥተዋል፤ እነዚህ ስኳር የሌለባቸውን የኩላሊት ታማሚዎች ጭምር እንደሚጠቅሙ ተረጋግጧል፤ ሆኖም ዋጋቸው በእኛ አገር ኑሮ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው።

በተቃራኒው ጉዳቱን የሚያፋጥኑ ነገሮች ከእጃችን አይርቁም። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ትእዛዝ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደከመ ኩላሊትን የበለጠ ይጎዳሉ፤ ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይወስዳቸው ይመረጣል።

አጎቴ አሁን እጥበት ላይ ናቸው። ለማሽኑ ቅርብ ለመሆን ሲሉ የኖሩበትን ከተማ ትተው አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። የተለመደው ሥርዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል መታጠብ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል ግን በገንዘብ እጥረት ሁለቴ ብቻ የሚመጡ አሉ። በመካከል ያለው ቀን ሲረዝም ፈሳሹ በሰውነታቸው ይጠራቀማል፣ ትንፋሻቸው ይከብዳል፤ ይህን ማየት በጣም ያማል።

ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላም ተነጋግረናል። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል፤ ኩላሊቱም ሲገኝ የቆየው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። የአጎቴ የበኩር ልጅ ማንም ሳይጠይቀው «የእኔን ይውሰዱ» ብሎ ተነሳ። ለጋሽ ከመሆኑ በፊት በሚደረገው ምርመራ ግን የደም ግፊቱ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ቀን በፊት ተለክቶ አያውቅም ነበር። ስኳርና ግፊት በዘር የመውረድ ባሕርይ ስላላቸው አባቱን ለመርዳት የሚነሳው ልጅ ራሱ ያንኑ ሕመም ተሸክሞ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ለመስጠት አልተፈቀደለትም፤ ብዙ አለቀሰ። በዚያው ሳምንት ግን የግፊት ክትትል ጀመረ፣ ሽንቱንም ለፕሮቲን አስመረመረ፤ እስካሁን የፈሰሰ ነገር አልተገኘበትም። ታናናሾቹም ተራ በተራ እየተለኩ ነው።