የእማዬ መሸኛ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰው አልጋበዝኩም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ድምፁ ቢረብሻችሁ ይቅርታ፣ ጣራችን ቆርቆሮ ነው፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የማወራው ስለ እማዬ ነው። እማዬ የደቅ ሰው ናት። ደቅ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ነው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያለችበት። እዚያ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጀልባ አለ ወይ?» ነው። ስለ ሐኪሙ የሚጠየቀው ባሕር ዳር ከተደረሰ በኋላ ነው። ከሰዓት ሐይቁ ከተናወጠ ደግሞ ጀልባውም ቢኖር ቁጭ ብሎ ማደር ነው። ልጅ ሆኜ በዚህ ምክንያት ስንት አዛውንት ሲያቃስቱ ሲያድሩ ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው አባዬ ካረፈ በኋላ «እማዬን እዚያ አልተዋትም» ያልኩት።

ሁለት ወር ተቀምጣ ልትመለስ ነበር የመጣችው። አባይን ተሻግረን፣ አዲስ አበባ አድረን፣ ከዚያ ጅማ ድረስ ሌላ 350 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። በነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ግን እሷም እኔም «እንግዳ ናት» ማለታችንን አልተውንም። ጎረቤት «እናትሽ ናቸው?» ሲል «አዎ፣ ሊጠይቁኝ መጥተው ነው» እላለሁ። ሻንጣዋ አልጋው ሥር ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቦታ ብለቅላትም እምቢ ብላለች።

ጅማ የምትኖሩ ይሄን ታውቁታላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሰፈር ለሰፈር ይልካል። ነጭ ጋወን ለብሰው በቡድን ይመጡና ሽንት ቤት አላችሁ ወይ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ልጆቹ ተከትበዋል ወይ ይላሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲመጡ በሩን የማልከፍበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ግን እማዬ ከፈተችላቸው። ቡና አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ የሰው ልጅ ርቦታል ብላ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጢሙ ገና ያልወጣ ልጅ፣ «እማማ ግፊትዎን ልለካዎት» አላት። ለካ። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ለካ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራና ተንሾካሾኩ። 190 በ100።

እማዬ «ቡናው በዝቶ ይሆናል» አለች።

በዚያው ሳምንት የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ስኳርም ተገኘባት። ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ ቀጠሮው፣ ተደማምሮ የሱቄን የሳምንት ገቢ በላው። አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ሱቄ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ለጤና መድህን የሚመዘገብ ሰው መታወቂያውን ኮፒ የሚያስደርገው እኔ ጋ ነው። የራሴ ቤተሰብ ካርድም አለን። የስንቱን እናት መታወቂያ ኮፒ ሳደርግ እማዬ ያለ ካርድ ቤቴ ተቀምጣ ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው። ደመወዝተኛ ላልሆንነው፣ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው። በዓመት አንዴ መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አትከፍሉም። ለመክፈል አቅም ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። ቤተሰብ ሲባል ግን ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አብራችሁ የምትኖር እናት ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልባትና ትገባለች። «አብራችሁ የምትኖር» የምትለዋን ያዙልኝ።

ላስመዘግባት ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ የትኛውም ጋ የሚገጥም ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲስተም የለም። ሁለተኛ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሦስተኛ ቀን አንዲት ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «የዚህ ቀበሌ መታወቂያ አላቸው?» አለችኝ። የላትም። በአራተኛው ቀን ደግሞ መታወቂያ ለማውጣት ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል ተባለ። ይሄን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው እንዴት ይጠፋል? ኮፒውን በነፃ አደርግላቸው ነበር። ወረቀቱ ቢሟላ እንኳ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፣ በዘመቻ የሚካሄድበት ጊዜ አለው። ያን ጊዜ አልፎን ነበር።

ደቅ ላይ የነበራት ካርድስ? እሱ የዚያ ወረዳ ነው። መድህኑ በወረዳ ነው የተደራጀው፣ ውል ያለውም እዚያው አካባቢ ካሉት ጤና ተቋማት ጋር ነው። ጅማ ላይ ወረቀት ነው።

ማታ ለእማዬ «ዘመዶች መሸኛ ያውጡልሽና ይላኩልን» አልኳት። ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቱን አቆመች።

«መሸኛ የምን?»

«እዚህ እንድትመዘገቢ ነው፣ እዚያ መልቀቅሽን የሚገልጽ።»

«ማን ለቀቀ? አባትሽ እዚያ ነው የተቀበረው። በቁሜ ልትሸኙኝ ነው እንዴ?»

እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ወረቀትንና ሽኝትን ምን አገናኘው ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቱ እስከ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። እንግዳ ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ የማወራው እኔ አይደለሁም እንዴ? ቢሮው ያለኝ እኮ እኔ ራሴ ለጎረቤት የምለውን ነው። እዚህ አትኖርም። ልዩነቱ እሱ ማኅተም አለው።

አንድ ወር ሙሉ ስለ መሸኛ አልተነሳም። ከዚያ አንድ ቀን ራሷ ለአጎቴ ልጅ ደወለች። መድኃኒቱን በየወሩ በምን እንደምገዛው ታይ ነበር ለካ።

ወረቀቱ በሰው በሰው ወራት ፈጅቶ ደረሰ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከአንድ ፌስታል ጌሾ ጋር። ዓይኗ ሞራ ስለጋረደው እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ስሟ፣ ዕድሜዋ 72፣ ወደ ጅማ የሄዱ ስለሆነ።

«ይመለሳሉ አይልም?»

«አይልም እማዬ።»

ጌሾውን ተቀብላ ማሽተት ጀመረች።

መታወቂያው ወጣ። በቀጣዩ ዘመቻ ተመዘገበች። አሁን በየወሩ ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ፣ በባጃጅ። ካርዱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ነርሷ «አካም ጅርቱ» ስትላት «ገለቶማ» ብላ ትመልሳለች፣ የምታውቃት ኦሮምኛ እሷ ብቻ ናት፣ ለሁሉም ትሆናለች። ወረፋ ላይ አንዴ «እዚያ ጀልባ እጠብቃለሁ፣ እዚህ ሰው እጠብቃለሁ፣ ይሄኛው ቢያንስ አይሰጥምም» ብላ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀችው።

ሁሉ ነገር ሞላ ማለት አይደለም። የግፊቱ መድኃኒት አንዳንዴ ያልቅና «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ያን ቀን ካርድ ኖረሽ አልኖረሽ ያው ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እነሱን መድህኑ አይሸፍንም። ደግሞ ዝም ብሎ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ የለም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል፣ ከዚያ ካስፈለገ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል። እኔ ተቃራኒውን ነበር የማስበው፣ ትልቅ ሐኪም ጋ ላድርሳት እንጂ ወረቀቱ ይደርሳል ብዬ።

እና ወላጅ ከሩቅ ያመጣችሁ፣ በተለይ «ለጊዜው ነው» ያላችሁ፣ መሸኛውን ሲመጡ ይዘው ይምጡ። ካልሆነ እንደኔ ነው።

አሁን የቀረው ዓይኗ ነው። ባለፈው ሳምንት የጤና ጣቢያው ሰው ሞራው መገፈፍ አለበት አላት። እስክንወጣ ዝም አለች። ባጃጅ ውስጥ ገብተን አጂፕ ጋ ስንደርስ «ዓይኔ ከተሠራልኝማ ደቅን አይቼ እመጣለሁ» አለችኝ። እመጣለሁ ነው ያለችው። ደግሜ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፣ ግን ተውኩት። ሪፈሩን እንኳ ገና አላጻፍንም፣ ሰኞ ነው የምንሄደው።