የሕፃን ዳሌ በጊዜው፣ ቀጥ ተደርጎ ሲነሳ

አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ የራጅ ክፍል ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችሁን አዝላችሁ የመጣችሁ እናቶች፤ እንደምን ዋላችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የቸርችል ጎዳናን ዳገት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዕድሜዬ ያለቀው ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሕፃናት የዳሌ መውለቅና ስለ ራጁ ነው፤ ነገሩ ግን ከአንዲት ሕፃን ይጀምራል።

የሰባት ወር ልጅ ነበረች። ለእናቷ የበኩር ልጅ ናት፤ የተወለደችው ደግሞ በመቀመጫዋ መጥታ ነው። እናቷ ዳይፐር ስትቀይር አንድ ነገር አስተዋለች። የቀኙ እግር ወደ ጎን ዘርጠጥ ይላል፣ የግራው እምቢ ይላል። አማቷ «ሲያድግ ይፍታታል» አሏት። እሷ ግን ልቧ አላረፈም፤ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። ሐኪሙም የዳሌ ራጅ አዘዘ።

ራጁን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትፈራገጣለች። እናቷን «ያዝ ያድርጓት» አልኩና የራጁን ቁልፍ ተጫንኩት። ዳሌዋ ትንሽ ዞሮ ነበር። አይቼዋለሁ። «ይሁን፣ ይታያል» ብዬ አሳለፍኩት። ውጤቱ «ደህና ነው» ተብሎ ተጻፈ። እናትየዋ ደስ ብሏት ሄደች።

በዓመቱ ተመለሱ። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች፣ ግን እያነከሰች ነው። ደግመን አነሳናት። የግራው የጭን አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ወጥቶ ወደ ላይ ሸሽቷል። በሰባት ወሯ ቢያዝ ኖሮ ሐኪሞች አደንዝዘው፣ ሳይከፍቱ በእጃቸው ወደ ቦታው ሊመልሱት ይችሉ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ወሯ ግን ቀዶ ሕክምና ሆነ። ከዚያም ከወገብ እስከ እግር ጀሶ። እናቷ ያን ጀሶ ታቅፋ፣ ታክሲ አልጭን እያላት የቆመችበትን ቀን አልረሳም።

ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

አሁን ነገሩን ቀለል አድርጌ ላስረዳ። የጭን አጥንት ጫፉ እንደ ኳስ ክብ ነው። ኳሱ የሚገባበት ጎድጓዳ ዳሌ ላይ አለ። ልጅ ሲወለድ ይህ ጎድጓዳ እድገቱን ገና አልጨረሰም። ኳሱ በመሐሉ በደንብ ሲቀመጥ ጎድጓዳው ዙሪያውን እያቀፈ፣ እየጠለቀ ያድጋል። ኳሱ ካልተቀመጠ ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ጊዜ በራሱ አያድነውም። ከቆየ ያጠፋዋል እንጂ።

ይህ የዳሌ መውለቅ ሴት ልጆች ላይ ይበዛል። የበኩር ልጅ ላይ፣ በመቀመጫው የመጣ ልጅ ላይ፣ ከቤተሰብ ይህ ችግር ያለበት ሰው ካለ ይበዛል። ከቀኝ ይልቅ ግራው ዳሌ ይጎዳል። ያቺ ልጅ ከእነዚህ ብዙዎቹን ይዛ ነበር የመጣችው፤ ወረቀቷ ላይ ግን አንዱም አልተጻፈም። አዋላጆች፣ እባካችሁ፣ ልጁ በመቀመጫው ከመጣ ካርዱ ላይ በትልቁ ጻፉልን።

እናቶች ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ገና እንደተወለደች ለምን ራጅ አታነሷትም?» ይሉኛል። መልሱ ቀላል ነው። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። የጨቅላ የጭን አጥንት ራስ ግን ገና ወደ አጥንት ያልተለወጠ ለስላሳ ነገር ነው፤ ራጅ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። አጥንቱ መታየት የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሚያገለግለን አልትራሳውንድ ነው። በዚህ መንገድ ዳሌን ማየትን በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ኦስትሪያዊው ሐኪም ራይንሃርድ ግራፍ ናቸው። እንግዲህ የሁለት ወር ልጅ ራጅ ተነስቶ «ምንም የለም» ቢባል ብዙም አያጽናና። ከ4 ወር በኋላ ያለው ራጅ ግን ይናገራል።

እንዴት ይናገራል? ባልደረቦቼ ያውቁታል፣ ግን እናቶችም ብታውቁት ደስ ይለኛል፤ የልጃችሁ ፊልም ነውና። ሐኪሙ መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አግዳሚ መስመር ያሰምራል። መስመሩ የሁለቱን ጎድጓዳዎች ግርጌ ያገናኛል። የሂልገንራይነር መስመር ይባላል። ከዚያ ከጎድጓዳው ውጪኛ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሌላ መስመር አለ፤ እሱ የፐርኪን መስመር ነው። ሁለቱ ሲተላለፉ አራት ክፍል ያለው መስኮት ይሆናሉ። የጭኑ ራስ በታችኛውና በውስጠኛው ክፍል መቀመጥ አለበት። ወደ ውጪ ወይም ወደ ላይ ካለፈ ከቦታው ወጥቷል።

ከዚያ ማዕዘኑ ይለካል። የጎድጓዳው ጣሪያ ከአግዳሚው መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ሲወለድ ወደ 30 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል፤ ልጁ ሲያድግ እየቀነሰ ይሄዳል። በስድስት ወር ከ30 በላይ ከሆነ ጣሪያው ተንሸራታች ነው፣ ኳሱን አይይዝም ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። እነዚህ መስመሮች ሁሉ የሚሠሩት ልጁ ቀጥ ብሎ ከተኛ ብቻ ነው። ዳሌው ትንሽ ከዞረ አንዱ ጎን ከእውነቱ የተሻለ፣ ሌላው ከእውነቱ የባሰ መስሎ ይታያል። ጥቂት ዲግሪ ናት፤ ግን «ደህና» እና «ታማሚ» የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ነው። የሚያጋልጠው ቀላል ምልክት አለ። ከዳሌው ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ስፋታቸው እኩል ካልሆነ ልጁ ዞሯል። ይህን ለማየት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ያን ቀን እኔ ሁለት ሰከንዷን አልሰጠኋትም።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ እለምናችኋለሁ። ልጁ ካለቀሰ ጠብቁት። ይጥባና ይረጋጋ። አንድ ሰው ትከሻውን፣ ሌላው ጉልበቶቹን አስተካክሎ ይያዝ። የሚይዘው ሰው ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ብረት ሽርጥ ይልበስ፤ እርጉዝ እናት አትያዝ። ሰልፉ ይቆይ። ፊልሙ ከዞረ ለሐኪሙ በግልጽ ጻፉለት፣ ካስፈለገም ድጋሚ አንሱ። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመራቢያ አካል ለመከለል እርሳስ ዳሌው ላይ የማስቀመጥ ልማዳችን አለ። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ማኅበር ይህ ልማድ እንዲቀር በ2019 እ.ኤ.አ. መክሯል። ክለላው ራሱ ልናየው የምንፈልገውን አጥንት ሊሸፍን ይችላልና።

«ጨረሩስ?» የምትሉ እናቶች ትክክል ናችሁ፣ ጠይቁ። ለሕፃን ዳሌ የምንጠቀመው መጠን በጣም ትንሽ ነው። ያለምክንያት አይነሳ። ምክንያት ሲኖር ግን ከጨረሩ ይልቅ መዘግየቱ ይጎዳል።

ራጅ ብቻውንም አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሐኪም እጅ ይቀድማል። ጣሊያናዊው የሕፃናት ሐኪም ማሪኖ ኦርቶላኒ በ1937 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ምርመራ ዛሬም ይሠራል። ወጥቶ የነበረው ኳስ ወደ ጎድጓዳው ሲገባ ከእጅ ሥር ይሰማል። ልጁ ሲያድግ ግን ይህ ምልክት ይጠፋል። ያኔ የሚቀረን ምልክት የእግሩ አለመከፈት ነው። ሁለቱም ዳሌ ከወጣ ደግሞ ይብሳል፤ እግሮቹ እኩል ስለሆኑ የሚያነጻጽሩት ነገር የለም። እዚህ ላይ ራጅ ዋጋው የትየለሌ ነው።

ልጆቻችን ለክትባት በ6ኛው ሳምንት፣ በ10ኛው፣ በ14ኛው፣ ከዚያም በ9 ወር ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። መርፌው ከመወጋቱ በፊት ጭኖቹን ከፈት አድርጎ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ ከሌላው ያነሰ ከተከፈተ ላኩልን።

አንቀልባን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ልጅን እግሩን ከፍቶ በጀርባ የማዘል ባህል ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ይህ ችግር ያነሰ ሆኖ ይታያል። እናታችን ጀርባ ላይ ተንሰራፍተን ማደጋችን ለዳሌ ጥሩ ነው። የሚጎዳው ጨቅላውን እግሩን አጥብቆ፣ ቀጥ አድርጎ በነጠላ መጠቅለል ነው። ጠቅልሉት፣ ይሙቀው፤ ግን ከወገቡ በታች ይላላ፣ ጉልበቱን ይጠፍ።

ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ወስዳችሁ አታስጎትቱት። ወጌሻን ንቄ አይደለም። የሕፃን የጭን ራስ የደም ሥሩ ቀጭን ነው፤ በጉልበት ሲሳብ ይጎዳል። ከስድስት ወር በታች ከሆነ እግሩን ከፍቶ የሚይዝ ለስላሳ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ማሰሪያው በቼኩ ሐኪም ስም ፓቭሊክ ይባላል። ቅርብ ካላችሁ፣ ከዚህ ወደ ለገሃር ዝቅ ስትሉ ጥቁር አንበሳ አለ፤ የአጥንት ሐኪሞች አሉበት።

እዚህ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፊልሞች አሉ፤ ስምና ካርድ ቁጥር ተሸፍኗል። እናትየዋ ለማስተማሪያ እንዲሆኑ ፈቅዳልኛለች። አንዱ ያ የዞረው ነው። ሌላው በዓመቱ የተነሳው። ከጎናቸው አንድ አሻንጉሊት አስቀምጫለሁ። ባልደረቦቼ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ በአንድ መጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙልኝ። እናቶች፣ እናንተ መጀመሪያ ኑ። ሁለቱን ቀዳዳዎች አሳያችኋለሁ።