የሚተነፍሰው ኦርጋን

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሰዓት በኋላ ታክሲ ጠብቆ የካ አባዶ ድረስ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

እኛ ጋ ኦርጋን ሲባል ሁላችንም የምናስበው ኪቦርዱን ነው። ሰርግ ላይ ያለው፣ መዘምራኑ ጋ ያለው፣ እኔም ልጆቻችሁን የማስተምርበት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞክሼው ነው፤ ስለ ቧንቧው ኦርጋን። ደግሞ ስለ ድሮው ሙዚቃው አይደለም። በእኛ ዘመን ስለተጻፈለት ነው።

ይህችን ግራጫ ቱቦ እዩልኝ። ከታች ካለው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛኋት። አፏን በነጠላ ጫማ ልምታው። ሰማችሁ? አሁን ደግሞ ግማሽዋን የሆነችውን ልምታ። ያው ድምፅ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወጣ እንጂ። የኦርጋን ቧንቧም እንዲሁ ነው፤ ቁመቱ ድምፁን ይወስናል። አንዱ ቧንቧ ከእርሳስ ያጥራል። ትልቁ ወደ 10 ሜትር ይደርሳል። እዚህ ብሎካችን ደጃፍ ቢቆም ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ቧንቧ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እምቢልታ የሰማ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው። ኦርጋን ማለት በሺህ የሚቆጠር እምቢልታ ለአንድ ሰው እጅና እግር ሲታዘዝ ማለት ነው። የሚነፋውም ወናፍ ነው፤ ልክ እንደ አንጥረኛው ወናፍ። ድሮ ሰው በእግሩ እየረገጠ ይነፋው ነበር። ዛሬ ሞተር አለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ መሞት ይጀምራል። ዘፋኝም ትንፋሽ ያጥረዋል። የኦርጋን ድምፅ ግን ጣታችሁን እስካላነሳችሁ ድረስ አይሞትም። የዘመናችን የሙዚቃ ደራሲዎች የሙጥኝ ያሉት ይህን ነው፤ ነፋሱንና ጊዜውን።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥራላችሁ። ጆን ኬጅ የሚባል አሜሪካዊ በ1987 ለኦርጋን አንድ ሥራ ጻፈ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ የተቻለውን ያህል ቀስ ብላችሁ ተጫወቱት። ስንት ሰዓት ይሁን አላለም። ጀርመን ውስጥ ሃልበርሽታት በምትባል ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 2001 ጀመሩት። የሚያልቀው በ2640 ነው። 639 ዓመት! ሥራው የሚጀምረው በዝምታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን 17 ወራት የተሰማው የወናፉ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ አለ። ቁልፎቹን ተጭኖ የሚይዘው የአሸዋ ከረጢት ነው። በፌብሩዋሪ 5፣ 2024 አንድ ድምፅ ሲጨመር ሰው ለዚያች ቅጽበት ከሩቅ አገር ተጉዞ መጣ።

ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ አይደለም። ማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ በጾም ወራት በገና ይዞ የተቀመጠ ሕዝብ ነን። መቆየትን እናውቃለን።

ሌላም ልጨምር። ሩማኒያ የተወለደው ሃንጋሪያዊ ሊጌቲ በ1962 በጨረሰው የኦርጋን ሥራው ኖታ አልጻፈም፤ ሥዕል ነው የሣለው። ተጫዋቹ ክንዱን ሙሉ ቁልፎቹ ላይ ያስተኛል። ፈረንሳዊው መሲያንም አለ፤ ፓሪስ ውስጥ በአንድ ቤተክርስቲያን ከ60 ዓመት በላይ ኦርጋን ተጫውቷል። የወፎችን ዜማ እየሰማ በኖታ ይመዘግብ ነበር።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የኢስቶኒያው አርቮ ፔርት ነው። በ1980 የጻፈው ሥራ አለው። በመግቢያው ተጫዋቹ ሁለት ድምፅ ይዞ፣ ያንኑ ምት ደጋግሞ ይጫወታል። ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጣቶቹ ግን ገና ቁልፉ ላይ ናቸው። በወናፉ ውስጥ የቀረው ነፋስ ያልቃል። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ይጎብጣል፣ ይጠፋል።

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ ለወላጆች እያቀረቡ ሳለ ጠፋ። አንዷ ልጅ መጨረሻው መስመር ላይ ነበረች። ኪቦርዱ ቀጥ አለ። ጣቷን ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የፔርትን ሥራ በስልኬ ከፈትኩ። ሞተሩ የሚጠፋበት ቦታ ሲደርስ አለቀስኩ። ለካ መጥፋትም በኖታ ይጻፋል! ለካ ድምፅ እንደ ሰው ቀስ ብሎ ሊያርፍ ይችላል!

ለዚህ ነው ለልጆቻችን የምጓጓው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በፒያኖ የራሳቸውን መንገድ አሳይተውናል። ፒያኖም የሩቅ አገር መሣሪያ ነበር። ትዝታ ቅኝት በማያልቅ ትንፋሽ ተይዞ ምን እንደሚመስል መስማት እፈልጋለሁ። አንቺሆዬ 10 ሜትር ባለው ቧንቧ ውስጥ ሲያጉረመርም መስማት እፈልጋለሁ። የሚጽፈው ልጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ትልቁ ኦርጋን እስኪገኝ ደግሞ ቱቦ አለን።

ስድስቱ ልጆች፣ ወደፊት ኑ። ቱቧችሁን ያዙ፣ ጫማችሁንም አውልቁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላችሁ፤ የጓደኛችሁን ስሙና ተቀበሉ። ዜማውን ራሳቸው ናቸው የሠሩት። እናንተ ደግሞ ስልካችሁን ዝም አሰኙልኝ። የመጀመሪያው ድምፅ ከዚህ፣ ከትንሿ ልጅ ይነሳል።